ጠባችን ከመንገዱ ነው

ክቡራትና ክቡራን፣ በመኪናም በብስክሌትም በእግርም የመጣችሁ ሁሉ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማነሳው አንድ የቆየ ጭቅጭቅ ነው። ባለመኪናው "እነዚህ ብስክሌተኞች መሀል መንገድ ይዘው ያስቸግራሉ፣ ቀይ መብራት ይጥሳሉ፣ የመንገድ ግብር እንኳን አይከፍሉም" ይላል። ባለብስክሌቱ ደግሞ "ጠግተውን እያለፉ፣ ክላክስ እያምባረቁብን ሊጨርሱን ነው" ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ከልባቸው ነው። እኔም መኪና እነዳለሁ፣ ብስክሌትም እነዳለሁ። የሁለቱንም ንዴት አውቀዋለሁ።

ግን ሁለቱ ንዴቶች እኩል አይመዝኑም። አንድ የቤት መኪና 1500 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ብስክሌት ከነነጂው 90 ኪሎ ቢሆን ነው። መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር፣ ብስክሌቱ 20 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ፣ መኪናው ይዞት የሚመጣው ኃይል ከብስክሌቱ 100 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ብስክሌተኛ ሲሳሳት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው ራሱ ነው። ባለመኪና ሲሳሳት የሚሰበረው ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ "ጥፋቱ የሁለቱም ነው" ብሎ እኩል ማካፈል ፍትሕ ይመስላል እንጂ ፍትሕ አይደለም። ከባዱን የያዘ ሰው የበለጠ መጠንቀቅ አለበት።

"ለምን ዳር ይዘው አይሄዱም?" የሚለውን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ። ብዙው ጠብ የሚነሳው ከዚህ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። መንገድ ዳር ተደርድረው የቆሙ መኪኖችን አስቡ። ብስክሌተኛው ዳሩን ይዞ፣ እነሱን ታክኮ ይሄዳል። ከመኪኖቹ በአንዱ ውስጥ ያለ ሰው ስልኩን ያስቀምጣል፣ ቀበቶውን ይፈታል፣ በሩን ወለል አድርጎ ይከፍታል። የተከፈተው በር አንድ ሜትር ያህል ወደ መንገዱ ይወጣል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ አምስት ሜትር ተኩል ይጓዛል። በሩ ሦስት ሜትር ሲቀረው ከተከፈተ ፍሬን ለመያዝም ጊዜ የለውም። ወይ ከበሩ ጋር ይላተማል፣ ወይ መሪውን ያጥፍና ከኋላ በሚመጣ መኪና ፊት ይወድቃል።

ልምድ ያለው ብስክሌተኛ ከቆሙ መኪኖች አንድ በር ያህል ርቆ የሚነዳው ለዚህ ነው። ከኋላው ያለው ሹፌር ይህን አያውቅም። ሆን ብሎ የዘጋበት ይመስለዋል። ክላክሱን ይጫናል። ብስክሌተኛው ደንግጦ ይሳደባል። ሁለቱም ቤታቸው ገብተው ስለ ሌላኛው ብልግና ያወራሉ። በሩን የከፈተውን ሰውም፣ መኪና ማቆሚያውን እዚያ ያደረገውንም የሚያነሳ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ልምድ ልለምናችሁ። ከመኪና ስትወርዱ በሩን ከእሱ በራቀው እጃችሁ ክፈቱት። በሩ በግራችሁ ከሆነ በቀኝ እጃችሁ ክፈቱ። ያኔ ትከሻችሁ ራሱ ይዞራል፣ ዓይናችሁም ወደ ስፖኪዮውና ወደ ኋላ ይሄዳል። ልጆቻችሁንም አስተምሯቸው። ብስክሌተኛን ደርባችሁ ስታልፉ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ተዉለት። በስፔን ይህ ሕግ ነው።

ግብርን በተመለከተ ብዙ አልቆይም። ብስክሌት የሚነዱ ብዙ ሰዎች መኪናም አላቸው፣ ግብርም ይከፍላሉ። አስፋልት የሚጎዳውም ክብደት ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1950ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የተደረገው ትልቅ የመንገድ ሙከራ እንዳሳየው፣ በአንድ የመኪና አክስል (የግራና የቀኝ ጎማዎችን በሚያገናኘው ብረት) ላይ የሚያርፈው ክብደት በእጥፍ ሲጨምር የመንገዱ ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ይደርሳል። ብስክሌት አስፋልት አይበላም።

የቀይ መብራቱ ነገር ግን እውነት አለው። መብራት ጥሶ በእግረኞች መሀል የሚሹለከለክ ብስክሌተኛ አለ። ጥፋተኛ ነው። ባለመኪናው ለብስክሌተኛው መጠንቀቅ ካለበት፣ ብስክሌተኛውም ለእግረኛው መጠንቀቅ አለበት። ማታ ያለመብራት የሚነዳም እንዲሁ። ሆኖም የአንዱን ጥፋት በሌላው ላይ መወጣት አይቻልም። አንድ ሹፌር መብራት ሲጥስ መኪና የያዘውን ሁሉ አንረግምም። ትናንት አንድ ብስክሌተኛ ስላናደደን ዛሬ ሌላዋን ጠግተን የምናልፍበት ምክንያት የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። እርስ በርስ ስንሰዳደብ የምንረሳው ነገር ፍጥነት ነው። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይመጣሉ እንበል፤ አንዱ በ30፣ ሌላው በ50። ከፊታቸው አንዲት ልጅ በብስክሌት ድንገት ትገባለች። ሁለቱም ሹፌሮች እኩል ንቁ ናቸው፤ አይተው ፍሬን እስኪይዙ አንድ ሴኮንድ ይፈጅባቸዋል። በ30 የሚሄደው በዚያች ሴኮንድ ስምንት ሜትር ይጓዛል፣ ከዚያ በአምስት ሜትር ውስጥ ይቆማል። አስፋልቱ ደረቅ ከሆነ በድምሩ 13 ሜትር ነው። በ50 የሚሄደው ግን 13 ሜትር ላይ ሲደርስ እግሩ ገና ፍሬኑን አልነካም። አንደኛው መኪና በቆመበት ቦታ ሌላው በሙሉ ፍጥነቱ ነው። ሹፌሮቹ እኩል ጨዋ ናቸው፣ እኩል ጠንቃቃ ናቸው። ልጅቷ ግን በአንዱ ፊት ትተርፋለች፣ በሌላው ፊት ላትተርፍ ትችላለች።

ጨዋነት ብቻውን አያድነንም የምለው ለዚህ ነው። ሰው ይሳሳታል። የስዊድን ፓርላማ በ1997 የመንገድ ፖሊሲውን ሲቀይር የተነሳው ከዚህ ሐሳብ ነው። ሰው መሳሳቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ስህተቱ ሕይወት እንዳያስከፍል አድርጎ መንገዱን መሥራት የሠሪው ኃላፊነት ነው።

ኔዘርላንድን ስንጠቅስ "እነሱ ድሮም ብስክሌተኞች ናቸው" የሚል አይጠፋም። በ1971 በዚያች አገር መንገዶች ላይ ከ3000 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከ400 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። ያኔ ወላጆች አደባባይ ወጡ። የእንቅስቃሴያቸው ስም "የልጆች ግድያ ይቁም" የሚል ነበር። በ1973 የነዳጅ ቀውሱ መጣ፣ እሑድ እሑድ መኪና ታገደ፣ ሰውም ከተማው ያለ መኪና ምን እንደሚመስል አየ። የተለየ የብስክሌት መንገድና ቀስ ተብሎ የሚነዳበት ሰፈር የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ የሕዝቡ ቁጥር በጣም ጨምሮ እንኳን በዓመት በመንገድ አደጋ የሚሞተው ሰው 700 አካባቢ ነው። የኖርዌይ ዋና ከተማ ኦስሎም የፍጥነት ወሰን ዝቅ አደረገች፣ የመሀል ከተማ መኪና ማቆሚያዎችን ቀንሳ ቦታውን ለእግረኛና ለብስክሌት ሰጠች። በ2019 በከተማዋ አንድም እግረኛ፣ አንድም ብስክሌተኛ በመኪና አደጋ አልሞተም።

ይህ ሁሉ ባለመኪናውን መቅጫ ተደርጎ ይወሰዳል። አይደለም። ከፊታችሁ ያለውን የመኪና ሰልፍ ተመልከቱ። በአብዛኞቹ ውስጥ ያለው አንድ ሰው ነው። ከእነሱ ጥቂቶቹ ያለ ስጋት በብስክሌት መሄድ ቢችሉ ሰልፉ ያጥራል። አንድ መኪና በሚቆምበት ቦታ አሥር ብስክሌት ይቆማል። አካል ጉዳት ያለበት፣ በሽተኛ የሚያደርስ፣ ዕቃ ጭኖ የሚሠራ ሰው መኪና የግድ ያስፈልገዋል። መንገዱ የሚለቀቅለትም ሌሎቻችን ሌላ ምርጫ ሲኖረን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 የሆኑትን በመግደል የሚቀድመው ምክንያትም ይኸው ነው። ይህ ቁጥር ያንገበግበኛል። ልጆቻችን እያለቁ እኛ "ማን ቀድሞ ክላክስ አደረገ" እያልን ነው።

በአዳራሹ መውጫ ላይ ለከተማው የመንገድ ክፍል የተጻፈ ደብዳቤ አለ። የሚጠይቀው ጥቂት ነገር ነው። በመኖሪያ ሰፈርና በትምህርት ቤት አካባቢ ፍጥነት ከ30 እንዳይበልጥ፣ ትላልቆቹ መንገዶች ሲታደሱ የብስክሌት መስመሩ በቀለም ብቻ ሳይሆን በከፍታ ወይም በግንብ እንዲለይ፣ የመኪና ማቆሚያና የብስክሌት መስመር ሲጎራበቱ የበር ስፋት እንዲተውላቸው። የፊርማው ገጽ አንድ ነው፤ የባለመኪና፣ የባለብስክሌት ብለን አልከፈልነውም። ካመናችሁበት ፈርሙ። ያልተስማማችሁበት ነጥብ ካለ ደግሞ ጠርዙ ላይ ጻፉልን፤ ከመላኩ በፊት ቁጭ ብለን እንነጋገርበታለን።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።