ፈቃዱ ለ6 ዓመት፣ ፈተናው በየዓመቱ፦ የኑክሌር ጣቢያ ኦፕሬተሮች የድጋሚ ብቃት ፈተና በምን ይመዘናል?

[ምስል፦ ከጣርማ በር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ። ጭጋግ። አንድ የጭነት መኪና በዝግታ ይወርዳል።]

ተራኪ፦ ይህን ቁልቁለት ዘወትር የሚወርድ ሾፌር ኩርባውን አንድ በአንድ ያውቀዋል። የት ማርሽ እንደሚቀንስ፣ የት ጥግ እንደሚይዝ ነጋሪ አያሻውም። ፍሬን እምቢ ባለው ቀን ምን እንደሚያደርግ ግን የዕለት ሥራው አላስተማረውም፤ በዕለት ሥራው ፍሬኑ ይይዛላ! ሃያ ዓመት በሰላም መንዳቱ ለዚያች ደቂቃ ዋስትና አይሆነውም።

የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ኦፕሬተርም ችግሩ ይኸው ነው። ጣቢያው ደህና ሲሠራ ወራት ያልፋሉ፤ ኦፕሬተሩ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳውን ያያል፣ ይመዘግባል፣ ፈረቃውን ያስረክባል። ለክፉ ቀን የተማረው ነገር ሳይነካ ይቀመጣል፤ ሳይነካ የተቀመጠ ችሎታ ደግሞ ይደበዝዛል። ለዚህ ነው ፈቃድ ያለው ሰው እንደገና የሚሠለጥነው፣ እንደገና የሚፈተነው። እኛ ዛሬ የምናነሳው ጥያቄ ግን አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ነው፦ ሥልጠናውና ፈተናው ራሳቸው ጥሩ መሆናቸው በምን ይታወቃል?

[ምስል፦ የደብረ ብርሃን ከተማ ከከፍታ፤ የፋብሪካ ጭስ ማውጫዎች]

ተራኪ፦ «ደብረ ብርሃን ቁጭ ብሎ ስለ ኑክሌር ማውራት ምን ይባላል?» የሚል ይኖራል። አገራችን የኑክሌር ኃይል ማመንጫ የላትም፤ እውነት ነው። ነገር ግን መስከረም 2018 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ከሩሲያው የመንግሥት ኑክሌር ድርጅት ሮሳቶም ጋር ለዚሁ የሚሆን የድርጊት መርሐ ግብር ተፈርሟል። ዛሬ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ፊዚክስና ኢንጂነሪንግ የሚማር ልጅ ነገ ከዚያ መቆጣጠሪያ ክፍል ሊገባ ይችላል። ሲሚንቶና ብረቱ በገንዘብ ይገዛል፤ ሰው ግን ዓመታት ይፈልጋል። ስለዚህ ወሬው ከአሁኑ ቢጀመር ቸኩላችኋል የሚያሰኝ አይደለም።

[ምስል፦ በካርታ ላይ ፔንሲልቬንያ፤ ቀጥሎ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ንድፍ፣ አንዲት ትንሽ መብራት]

ተራኪ፦ መጋቢት 19 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ ማለትም መጋቢት 28 ቀን 1979 እ.ኤ.አ.፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ። አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ፣ ስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ጣቢያ፣ ሁለተኛው ሬአክተር፣ ማለትም የኑክሌሩ ሙቀት የሚፈጠርበት ክፍል። ወደ እንፋሎት ማመንጫዎቹ ውሃ የሚገፉት ፓምፖች ቆሙ። በእንፋሎት የሚሽከረከረው ተርባይን ቆመ፣ ሬአክተሩም በራሱ ጠፋ። ግፊቱ ሲጨምር አንድ የማስተንፈሻ ቫልቭ ተከፈተ። በሰከንዶች ውስጥ መዘጋት ነበረበት፤ አልተዘጋም፣ እንደተከፈተ ቀረ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በሰሌዳው ላይ ያቺ ትንሽ መብራት ጠፋች። ኦፕሬተሮቹ «ቫልቩ ተዘግቷል» ብለው አነበቧት። መብራቷ ግን የምትናገረው «ዝጋ» የሚል ትእዛዝ መላኩን ብቻ ነበር፤ ቫልቩ መታዘዝ አለመታዘዙን አታውቅም። ውሃው እየወጣ ነው፣ ግፊቱ እየወረደ ነው፤ ፕሬሸራይዘር በሚባለው የግፊት መጠበቂያ ታንክ ውስጥ ያለው የውሃ መጠን ግን ወደ ላይ ይወጣል። ሰዎቹ ደግሞ በሥልጠናቸው ይህ ታንክ ጢም ብሎ እንዳይሞላ አጥብቀው እንዲጠነቀቁ ተነግሯቸዋል። የተማሩትን አደረጉ፦ ሬአክተሩን ሊያድን በራሱ የተነሳውን የድንገተኛ ጊዜ ውሃ ቀነሱት። አላርሙ ከመቶ በላይ ሆኖ በአንድነት ይጮሃል። ውሃው የሚያመልጥበት መንገድ የተዘጋው ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ላይ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው። በዚያን ጊዜ የሬአክተሩ እምብርት፣ ማለትም ነዳጁ ያለበት ክፍል፣ ከውሃ ወጥቶ መጎዳት ጀምሯል፤ በመጨረሻ ግማሽ ያህሉ ቀለጠ።

ሰዎቹ ሰነፎች አልነበሩም። ፈቃድ ነበራቸው፣ ፈተናውን አልፈዋል። ወድቆ የተገኘው ሥልጠናው ነው። በፕሬዚዳንት ካርተር የተሰየመው የኬመኒ ኮሚሽን ጥቅምት 1979 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት የተቸው ይህንኑ ነው፤ ኦፕሬተሮቹ የሚለማመዱበት ሲሙሌተር፣ ማለትም የመቆጣጠሪያ ክፍሉን አስመስሎ የሚሠራው መሣሪያ፣ እንኳ እንዲህ ያለውን አደጋ እንዲያሳይ አልተዘጋጀም ነበር። ይበልጥ የሚያሳዝነው ሌላ ነው። አንድ ዓመት ተኩል ቀድሞ፣ መስከረም 1977 እ.ኤ.አ.፣ ኦሃዮ ውስጥ ባለው የዴቪስ ቤሲ ጣቢያ ተመሳሳይ ቫልቭ ተከፍቶ ቀርቷል። ያኔ ሬአክተሩ በዝቅተኛ ኃይል ላይ ነበር፤ ኦፕሬተሮቹም በ20 ደቂቃ ገደማ ነቁበት። ያ ልምድ ግን ስሪ ማይል አይላንድ ያሉት ሰዎች ሥልጠና ውስጥ አልገባም።

[ምስል፦ የቀን መቁጠሪያ ገጾች ሲገለበጡ]

ተራኪ፦ ከዚያ በኋላ ሕጉ ጠበቀ። በአሜሪካ ደንብ የኦፕሬተር ፈቃድ ለ6 ዓመት ነው። በዚያ ውስጥ ግን የድጋሚ ሥልጠናው አንድ ዙር ከ24 ወር መብለጥ አይችልም። በየዙሩ አጠቃላይ የጽሑፍ ፈተና አለ፣ ማለፊያው 80 በመቶ። የተግባር ፈተናው በየዓመቱ ነው። የጤና ምርመራው በየሁለት ዓመቱ። በእያንዳንዱ ሩብ ዓመት ቢያንስ ሰባት የ8 ሰዓት ወይም አምስት የ12 ሰዓት ፈረቃ ያልሠራ ሰው ወደ ሰሌዳው ከመመለሱ በፊት 40 ሰዓት በሌላ ኦፕሬተር ሥር ሆኖ ይሠራል። ፈተና የወደቀ ደግሞ ከሥራው ይነሳል፣ ድክመቱ ላይ ይሠለጥናል፣ እንደገና ተፈትኖ ሲያልፍ ይመለሳል።

[ምስል፦ የሲሙሌተር ክፍል። ከመቆጣጠሪያው ክፍል በምንም አይለይም።]

ተራኪ፦ የተግባር ፈተናው ዋና ክፍል እዚህ ነው። ሲሙሌተሩ የራሱ የጣቢያው መቆጣጠሪያ ክፍል ግልባጭ ነው። ቡድኑ እንደ ፈረቃው ይቆማል። ፈታኞቹ ሳያስጠነቅቁ አንድ ፓምፕ ያቆማሉ፣ ቀጥለው አንድ ጠቋሚ ያሳስታሉ፣ ከዚያ ዋናውን ችግር ያመጣሉ።

ለኔ የዚህ ሥርዓት ትልቁ ቁም ነገር «ወሳኝ ተግባር» የሚሉት ነው። ፈታኙ ከፈተናው በፊት በወረቀት ያሰፍረዋል፦ ይህ ነገር ከዚህ ምልክት ወይም ከዚህ ሰዓት በፊት ካልተደረገ ቡድኑ ወድቋል። «በአጠቃላይ ጥሩ ነበሩ» ማለት አይቻልም። «ልጁ ጎበዝ ነው፣ ዛሬ ቀኑ አልሆነለትም» ማለትም አይቻልም። መመዘኛው ሰዎቹን ከማየታችን በፊት ስለተጻፈ ለወዳጅም ለባዳም እኩል ነው። በይሉኝታ ለሚፈተን ለእኛ ማኅበረሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው እላለሁ።

[ምስል፦ በባዶ ክፍል ጠረጴዛ ላይ የፈተና ወረቀትና የመመሪያ ጥራዞች]

ተራኪ፦ አሁን ወደ ጥያቄያችን። ሁሉም ሰው አለፈ እንበል። ይህ መልካም ዜና ነው? ሊሆን ይችላል። ፈተናው ቀላል ሆኖም ሊሆን ይችላል። ውጤቱ ብቻውን ሁለቱን አይለይም፤ ስለዚህ የመንግሥት ተቆጣጣሪው ከውጤቱ አልፎ ፈተናውን ይመረምራል።

የጽሑፍ ፈተናውን እንመልከት። ተፈታኙ መመሪያዎቹን ይዞ ይገባል፤ በሥራውም አጠገቡ ናቸውና ተገቢ ነው። ነገር ግን ጥያቄው «በገጽ እንዲህ ላይ ያለው ቁጥር ስንት ነው?» ከሆነ የተለካው ገጽ የመግለጥ ፍጥነት ነው። ጥሩ ጥያቄ ሁለት የሚጋጩ ጠቋሚዎች አቅርቦ «የትኛውን ታምናለህ? ለምን?» የሚል ነው። የስሪ ማይል አይላንድ ጥያቄ እኮ ይኸው ነበር። የተሳሳቱት ምርጫዎችም ዕውቀቱ ግማሽ የሆነን ሰው የሚያታልሉ መሆን አለባቸው፤ ማንም የማይመርጠው ምርጫ ቦታ ከመያዝ በቀር አይጠቅምም።

ቀጥሎ ምስጢር መጠበቅ። ጣቢያው አምስት ስድስት ቡድን አለው፤ ሁሉም በአንድ ሳምንት መፈተን አይችልም፣ ሬአክተሩን የሚጠብቅ ያስፈልጋላ። የመጀመሪያው ሳምንት ተፈታኝ ሻይ ላይ አንዲት ቃል ቢጥል የአራተኛው ሳምንት ውጤት ዋጋ ያጣል። ለዚህ ነው ተቆጣጣሪዎች ከአንዱ ፈተና ወደ ሌላው ከግማሽ በላይ እንዳይደገም የሚመለከቱት።

ከዚያ ፈታኙ ራሱ አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ተፈታኙን ያሠለጠነው እሱ ነው። ስለዚህ የመንግሥት ተቆጣጣሪ ሲሙሌተሩ ጥግ ይቆምና ያንኑ ቡድን ለብቻው ይመዝናል፤ በኋላ ሁለቱ ግምገማ ጎን ለጎን ይታያል። ተቆጣጣሪው ያየውን ስሕተት ፈታኙ ካላየው፣ ችግሩ ከኦፕሬተሩ ወደ ፈታኙ ተሻገረ ማለት ነው። ተቆጣጣሪዎቹ ከቡድኖቹና ከግለሰቦቹ ከ80 በመቶ በላይ ማለፋቸውንም ያያሉ፤ ከዚያ በታች ከሆነ ጥያቄው የሚነሳው በፕሮግራሙ ላይ ነው።

[ምስል፦ የጊዜ መስመር፣ ከ1987 እስከ 1994 እ.ኤ.አ.]

ተራኪ፦ አሜሪካኖቹ ከዚህ የደረሱት በአንድ ጊዜ አይደለም። ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያንዳንዱ ኦፕሬተር በፈቃዱ ዘመን ውስጥ የኑክሌር ቁጥጥር ኮሚሽኑ ራሱ የሚሰጠውን የድጋሚ ፈተና እንዲያልፍ ይገደድ ነበር። በ1994 ይህ ግዴታ ቀረ፤ ጣቢያው ይፈትናል፣ ኮሚሽኑ የጣቢያውን አፈታተን ይመረምራል። አንዳንዱ ይህን ቁጥጥር እንደ ማላላት ያየዋል። እኔ አልስማማም። መንግሥት ሰውየውን ፈትኖ ቢሄድ የሚያውቀው ሰውየውን ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙን ሲመረምር ግን የቀጣዩንም ዓመት ኦፕሬተር ያያል። ቅድመ ሁኔታው፣ መርማሪው ያየውን በነጻነት የሚጽፍ መሆኑ ነው። ያ ከሌለ በ1994 የተደረገው ለውጥ አደጋ ይሆን ነበር።

[ምስል፦ ቦይለር ክፍል፤ የውሃ መጠን መመልከቻ መስታወት በቅርበት]

ተራኪ፦ ይህ ሁሉ ሬአክተር እስኪመጣ የሚጠበቅ አይደለም። ደብረ ብርሃን ላይ ባሉ ፋብሪካዎች ቦይለር፣ ማለትም ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣ ጋን፣ አለ። ውሃው ከመስታወቱ በታች ወርዶ እሳቱ ሲነድ፣ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ቦይለሩን ሊያፈነዳው ይችላል። የሰው እጅ ግን በደመ ነፍስ ወደ ውሃው ነው የሚሄደው። ልምምዱ እንዲህ ይሁን፦

ወጣቱ ኦፕሬተር፦ ጋሼ፣ ውሃው መስታወቱ ላይ አይታይም።

የፈረቃው አለቃ፦ እሳቱን አጥፋ፤ ውሃ እንዳትጨምር።

ወጣቱ ኦፕሬተር፦ እሳቱን አጠፋለሁ፣ ውሃ አልጨምርም።

የፈረቃው አለቃ፦ ልክ ነህ።

ትእዛዙ ተነገረ፣ ተደገመ፣ ተረጋገጠ። በኑክሌር መቆጣጠሪያ ክፍልም ንግግሩ በዚሁ ሥርዓት ነው።

የፋብሪካ ሥልጠና ኃላፊዎች፣ ከልምምዱ በፊት አንዲት ወረቀት ላይ ጻፉ፦ «እሳቱ መጀመሪያ ካልጠፋ ወድቋል።» ሁለት ሰው ለየብቻ ይመዝን፣ ሳይነጋገሩ ይጻፉ፣ ከዚያ ወረቀታቸውን አገናኙ። ከተለያዩ ሠራተኛውን ከመውቀሳችሁ በፊት መመዘኛችሁን አስተካክሉ። የሚቀጥለው ፈረቃ ሲፈተን ደግሞ ብልሽቱን ቀይሩት።