አንዲት ትርፍ አሚኖ አሲድ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

የኬሞካይን ተቀባዮችን ስለሚዘጉ የፔፕታይድ መድኃኒቶች እንድናገር ነው የተጠየቅሁት። ፔፕታይድ ማለት ከአሚኖ አሲዶች፣ ከፕሮቲን መገንቢያዎች፣ የተሠራ አጭር ሰንሰለት ነው። ስሙ ከበድ ይላል፤ ግን አትስጉ። ነገሩ ለጎንደር ሰው ባዳ አይደለም፤ ወደ ኋላ ላይ ታዩታላችሁ።

ሰውነታችን ሲቆስል ወይም ጀርም ሲገባበት፣ በአካባቢው ያሉ ሴሎች ኬሞካይን የሚባሉ ትናንሽ ፕሮቲኖችን ይረጫሉ። ነጭ የደም ሴሎችም መጠኑ ወደሚበረታበት ይሄዳሉ። ጎረቤት ቡና ሲቆላ ሽታው እየመራ ደጃፉ ያደርሰን የለ? እንደዚያ ነው። በሰው ላይ ወደ 50 የሚጠጉ ኬሞካይኖች፣ እነሱን የሚይዙ ወደ 20 የሚጠጉ ተቀባዮች፣ ማለትም ሴል ላይ ያሉ ፕሮቲኖች፣ አሉ። አንዳንዱን ተቀባይ ደግሞ ጠላትም ይጠቀምበታል። ኤችአይቪ ሴል ውስጥ ለመግባት ሲዲ4 የሚባለው የሴል ላይ ፕሮቲን ብቻውን አይበቃውም፤ ሲሲአር5 ወይም ሲኤክስሲአር4 የሚባል የኬሞካይን ተቀባይም ያስፈልገዋል። ይህ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው።

ታዲያ ተቀባዩ እንዴት ይዘጋል? በዚያው ዓመት የታተመ አንድ ሥራ አለ፤ ሳስተምር ሁሌ እሱ ላይ እቆያለሁ። ተመራማሪዎች ራንቴስ የሚባለውን ኬሞካይን በባክቴሪያ ያስመርታሉ። ባክቴሪያ ፕሮቲን ሲሠራ የሚጀምረው ሜታዮኒን በምትባል አሚኖ አሲድ ነው። ያቺ ሜታዮኒን ሳትቆረጥ ጫፉ ላይ ቀረች። አንዲት ትርፍ አሚኖ አሲድ ብቻ! ፕሮቲኑ ተቀባዩን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፤ ማስነሳት፣ ማለትም ሥራ ማስጀመር፣ ግን አቃተው። ይዞ ቁጭ ይላል፣ እውነተኛውን ኬሞካይንም አያስጠጋም።

ለምን ሆነ? ኬሞካይን ሁለት ሥራ አለው። ሰፊው አካሉ ከውጭ ተቀባዩን ይይዛል። ቀጭኑ የፊት ጫፉ ደግሞ ወደ ውስጥ ገብቶ ተቀባዩን ያስነሳል። የዲዛይኑ ምስጢር መያዙን ሳይነኩ ማስነሳቱን ማበላሸት ነው። የሚያያዝበት ቦታ ሰፊ ስለሆነም ፔፕታይድ ይመቸዋል።

ግን ፔፕታይድ ደም ውስጥ ዕድሜ የለውም። ኢንዛይሞች ከጫፍ ጀምረው ይከትፉታል። እዚህ ላይ የጃፓን ተመራማሪዎችን ሥራ ተመልከቱ። ሆርስሹ ክራብ የሚባል የባሕር እንስሳ ራሱን ከጀርም የሚከላከልበት ፔፕታይድ አለው። ከእሱ ተነስተው ሲኤክስሲአር4ን የሚዘጋ፣ 18 አሚኖ አሲድ ያለውን ቲ22 ሠሩ፤ ከዚያ ወደ 14 አሳጥረው ቲ140 አሉት። ሲስቲን የሚባሉት ሁለት አሚኖ አሲዶቹ ተያይዘው ቀለበት ሠርተዋል። መታጠፊያው ላይ ያለችው አሚኖ አሲድ ላይሲን፣ ተራዋ ሳትሆን የመስታወት ምስሏ ናት። ቀጥሎ የኋላ ጫፉን በአሚድ፣ የፊቱን በፍሎሮቤንዞይል፣ በሁለት የኬሚካል ክዳኖች፣ ሸፈኑት፤ ኢንዛይሙ የሚጀምርበትን አሳጡት። የዚህ መስመር ልጅ የሆነው ሞቲክሳፎርታይድ እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ተፈቀደ። ሲኤክስሲአር4ን ዘግቶ ስቴም ሴሎች፣ ማለትም ደም የሚፈጥሩ እናት ሴሎች፣ ከመቅኔ ወደ ደም እንዲወጡ ያደርጋል፤ የሚሰጠው መልቲፕል ማይሎማ የተባለ ካንሰር ላለባቸው ሕሙማን፣ የራሳቸው ሴል ተሰብስቦ እንዲመለስላቸው ነው።

ሁሉም ነገር ፔፕታይድ ይሁን እያልኩ አይደለም። ሲሲአር5ን የሚዘጋው ማራቪሮክ የተባለ የኤችአይቪ መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ያለ ክኒን ነው። በየቀኑ ዕድሜ ልክ ለሚወሰድ መድኃኒት፣ መርፌ ከክኒን ጋር ሲወዳደር መሸነፉ አይቀርም። ፔፕታይድ የሚያዋጣው ለአጭር ጊዜ፣ ሐኪም ቤት ውስጥ ለሚሰጥ ሕክምና ይመስለኛል። ተቀባዩ ጤናማ ሥራም እንዳለው አትርሱ፤ ለረጅም ጊዜ መዝጋት ዋጋ ያስከፍላል።

አሁን ወደ ቤታችን። ይህ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር፣ ደምቢያ በወባ ወረርሽኝ ከተመታች ብዙም አልቆየችም ነበር። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ተሕዋስ ቀይ የደም ሴል ውስጥ የሚገባው በዋናነት ዳፊ በሚባለው የሴሉ ላይ ፕሮቲን በኩል ነው። ዳፊ ደግሞ ኬሞካይን የሚይዝ ተቀባይ ነው! አብዛኛው የምዕራብ አፍሪካ ሕዝብ ቀይ የደም ሴሉ ላይ ዳፊ ስለሌለው ቫይቫክስ እዚያ እምብዛም ነው። በእኛ አገር ግን ቫይቫክስ ፋልሲፓረም ከሚባለው ሌላ የወባ ተሕዋስ ቀጥሎ ዋናው ወባ ነው፤ ዳፊ የሌላቸው ኢትዮጵያውያንም ተይዘው ተገኝተዋል። ስለዚህ ዳፊን ብቻ የሚዘጋ ፔፕታይድ ሌላ ቦታ ቢዋጣለት እንኳ፣ እዚህ ሊያመልጠው የሚችል አለ። ይህን ጥያቄ የእኛን ሕሙማን ደም ሳያዩ መመለስ አይቻልም፤ ከእናንተ የተሻለ ቅርብ ማን አለ?

ተማሪዎች፣ ላብራቶሪ የለንም ብላችሁ አትቀመጡ። ሲኤክስሲአር4 ባለ 16 አሚኖ አሲድ ፔፕታይድ ይዞ የሚታይበት ቅርጽ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ከኢንተርኔት በነጻ ይወርዳል፤ ላፕቶፕ ይበቃል። አንድ አሚኖ አሲድ ቀይሩና ምን እንደሚነካ እዩ። ከዚያ በፊት ግን መድኃኒቱ መተማ ሙቀት ውስጥ የት እንደሚቀመጥ፣ መርፌውንም ማን እንደሚወጋ ጻፉ። መልሱ ካልተገኘ ሞለኪውሉን ቀይሩት።

አመሰግናለሁ፤ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።