«ቀጣዩ ፌርማታ» የሚለው ማን ነው?

(ድምፅ፦ ደወል። ከዚያ የሴት ድምፅ፦ «ባቡር ቁጥር… ሰባት… በመስመር… ሦስት… ይገባል።»)

ተራኪ፦ አንድ ጊዜ እንድገመው። አሁን ጆሯችሁን «ሰባት» የሚለው ቃል ላይ ብቻ ጣሉ።

(ድምፁ ይደገማል።)

«ሰባት» ስትል ድምፅዋ ወረደ፤ ንግግሯን የጨረሰች ይመስላል። ወዲያው ግን «በመስመር» ብላ ከላይ ጀመረች። እንዲህ አድርጎ የሚናገር ሰው የለም። ሆኖም ድምፁ የሰው ነው። ሴትዮዋ በእርግጥ አለች፤ ስቱዲዮ ገብታ፣ ማይክሮፎን ፊት ተቀምጣ «ሰባት» ብላለች። በሕይወቷ አንድም ቀን ያላለችው ዓረፍተ ነገሩን ነው።

በባቡርና በአውቶቡስ የምንሰማው ማስታወቂያ በሰው ድምፅ ይሁን በኮምፒውተር የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚስተው ይህንን ነው። የሰው ነው ብለን የምንወደው ድምፅ አብዛኛው ተቆራርጦ የተሰፋ ነው።

(ምስል፦ ስክሪን ላይ ትንንሽ የድምፅ ቁርጥራጮች እየተቀጣጠሉ።)

አሠራሩ ቀላል ነው። ባለሙያዋ ቁጥሮችን፣ የጣቢያ ስሞችን፣ ሰዓቶችን፣ የመዘግየት ምክንያቶችን አንድ በአንድ ታነባለች። ኮምፒውተሩ ባቡሩ ሲቃረብ የሚያስፈልገውን ቁራጭ እየመዘዘ ይገጣጥማል። የስኮትላንዱ የባቡር ድርጅት ስኮትሬይል እ.ኤ.አ. በ2022 እንዲህ ያሉትን ቁርጥራጮቹን ለሕዝብ ሲለቅ ከ2,400 በላይ ነበሩ። ሥራውን የሚያውቅ አዘጋጅ ያንኑ «ሰባት» ደጋግሞ ያስቀዳል፦ አንዱን ንግግር ለሚቀጥልበት ቦታ ከፍ አድርጎ፣ ሌላውን ለመጨረሻው ዝቅ አድርጎ። መጀመሪያ የሰማችሁት ቀረጻ ላይ የተሳሳተው «ሰባት» ነው የገባው። ሰባትን ሁለት ጊዜ ለማስቀዳት መሰሰት ማለት ይኸው ነው።

አሁን ቁርጥራጭ የማያስፈልገው ሌላ ዘዴ አለ። የጎግል የሰው ሠራሽ አስተውሎት ድርጅት ዲፕማይንድ እ.ኤ.አ. በ2016 ዌቭኔት የተባለውን ንግግር የሚሠራ ፕሮግራም ሲያስተዋውቅ ማሽኑ የተቀዳ ቃል መለጠፉን ትቶ የድምፁን ሞገድ ራሱ ነጥብ በነጥብ መሥራት ጀመረ፤ ለአንድ ሰከንድ ንግግር 16,000 ነጥብ። ስፌቱ ጠፋ። ዛሬ ጽሑፍ ትሰጡታላችሁ፣ ያነባል። አዲስ ጣቢያ ሲከፈት ባለሙያዋን ከቤቷ መጥራት ቀረ።

ማንበቡ ግን የራሱ ጣጣ አለው፤ በተለይ በእኛ ፊደል። «ባቡሩ ገና ነው» ብላችሁ ጻፉለት። «ገና» ላልቶ ከተነበበ ባቡሩ አልደረሰም፤ ጠብቆ ከተነበበ የልደት በዓል ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ አንባቢው ከሐሳቡ ይረዳዋል። ማሽኑ ይገምታል። ሲስት ደግሞ ሳይንተባተብ፣ በፍጹም እርጋታ፣ ባቡሩ የልደት በዓል መሆኑን ለመላው ጣቢያ ያውጃል።

እንግዲህ የማሽን ጠላት መስያችሁ ይሆናል። አይደለሁም። ካናዳ፣ ቶሮንቶ ከተማ የሆነውን ስሙ።

(ምስል፦ የአውቶቡስ መስኮት፣ ዝናብ፣ የማይነበብ የፌርማታ ምልክት።)

ዴቪድ ሌፖፍስኪ የተባሉ ዓይነ ስውር ጠበቃ የከተማዋን ትራንስፖርት ድርጅት በሰብአዊ መብት ችሎት ከሰሱ። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ እያንዳንዱ ፌርማታ ይጠራ። ሾፌሮች አንዳንዴ ይጠራሉ፣ አንዳንዴ ይረሳሉ፣ አንዳንዴ ይታክታቸዋል። ለሚያይ ሰው ይህ ቁም ነገር አይደለም፤ ለማያይ ግን አንድ ያልተጠራ ፌርማታ የት እንዳለ በማያውቀው መንገድ ዳር መውረድ ነው። ጠበቃው ሁለት ጊዜ ረቱ፤ በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ ምድር ውስጡ ባቡር፣ ቀጥሎ በ2007 ስለ አውቶቡሱና ስለ ጎዳናው ባቡር። በኋላም ሥራው ለአውቶማቲክ ማስታወቂያ ተሰጠ። በቀን መቶ ጊዜ ያንኑ ስም ለመጥራት የማይሰለች ጉሮሮ የማሽን ብቻ ነው።

ስለዚህ የታወቀውን ማሽን ይንገረን። ያልታወቀው ላይ ነው ነገሩ የሚገለበጠው።

አንድ ቀን ዋሻ ውስጥ ቆመን ቀረን። መብራቱ አለ፣ ሞተሩ ዝም ብሏል። የተቀዳው ድምፅ «ለመዘግየቱ ይቅርታ እንጠይቃለን» አለ። ከትንሽ ጊዜ በኋላ ደገመው፣ በዚያው ዜማ። በሦስተኛው አንድ ሽማግሌ «ይቅር ብለናል፣ ብቻ ንገሩን» አሉ፤ ሳቅ ሆነ። ቀጥሎ ማይክሮፎኑ ተንኳኳ፤ ነጂው ጉሮሮውን ጠረገና ከፊታችን ያለው ባቡር በሩ አልዘጋ እንዳለው፣ ቴክኒሻን እየደረሰ እንደሆነ ነገረን። ቃላቱ ተደነቃቅፈዋል፣ ድምፅ ማጉያው ይንኳኳል፤ ግን ትከሻዎች ሲወርዱ አየሁ። እዚያ ፊት ለፊት እንደኛው የቆመ፣ የሚያየውን የሚነግረን ሰው እንዳለ አወቅን። ይቅርታ ከሚጠይቀን ድምፅ ጀርባ ማንም እንደሌለ ስናውቅ ግን ይቅርታው ራሱ ያናድዳል።

ሌላም አለ። ፈረንሳዊው ሐኪም ኤትየን ሎምባርድ እ.ኤ.አ. በ1911 እንዳሳየው ሰው ጫጫታ ውስጥ ሲናገር ሳያስበው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ጸጥ ባለ ስቱዲዮ የተቀዳች ባለሙያ ግን ስለ ፍሬን ጩኸት ምንም አታውቅም። (በሌላ በኩል፣ ማይክሮፎኑን አፉ ውስጥ ከትቶ የሚያጉረመርም የጣቢያ ሠራተኛ ያጋጠመው ሰው ሎምባርድን አያምንም፤ እረዳዋለሁ።)

የመጨረሻው ጥያቄ የባለቤትነት ነው። ስኮትሬይል በኋላ «አዮና» የተባለች ሰው ሠራሽ ድምፅ አስገባ። እ.ኤ.አ. በ2025 አንዲት የድምፅ ባለሙያ ድምፁ የእርሷ መሆኑን፣ ከዓመታት በፊት ለአንድ የቴክኖሎጂ ድርጅት የቀዳችው ያለ ፈቃዷ ለዚህ መዋሉን ተናገረች። ሰው የለበትም የተባለው ድምፅ ውስጥ ሰው ተገኘ። ማሽኑ መናገር የሚማረው ከአንድ ሰው ጉሮሮ ነውና።

(ምስል፦ ለንደን፣ ኢምባንክመንት ጣቢያ። የመድረኩ ጠርዝ።)

ለንደን ውስጥ በምድር ውስጡ ባቡር፣ ኖርዘርን በተባለው መስመር፣ ተሳፋሪው በባቡሩና በመድረኩ መካከል ላለው ክፍተት እንዲጠነቀቅ ለረጅም ዓመታት «ክፍተቱን ልብ ይበሉ» ይል የነበረው ኦስዋልድ ሎረንስ የተባለ ተዋናይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 አረፈ። ቀረጻው በየጣቢያው እየተተካ ሄዶ ኢምባንክመንት ላይ ብቻ ቀረ፤ ሚስቱ እዚያ እየሄደች መድረኩ ላይ ተቀምጣ ትሰማው ነበር። በ2012 መገባደጃ አዲስ ዲጂታል ሥርዓት ገባና ድምፁ ጠፋ። አዲሱ ጥርት ያለ ነበር፤ ተሳፋሪው ልዩነቱን ልብ ያለውም አይመስለኝም። እርሷ ግን ቅጂ እንዲሰጧት ጠየቀች። ሠራተኞቹ ከመዝገብ ቤት ፈልገው በሲዲ ሰጧት፤ በ2013 ደግሞ ድምፁን እዚያው ጣቢያ መለሱት።

(ድምፅ፦ ባቡር ሲገባ። በሮች ይከፈታሉ። የወንድ ድምፅ፣ ትንሽ የሻከረ፦ «ክፍተቱን ልብ ይበሉ።»)