የተኛው ፋውን

ሰላም ሰላም፣ ዛሬ እንግዳ የለም ብቻዬን ነኝ፣ የማወራውም ስለ አንድ ሐውልት ነው፣ ሙኒክ ግሊፕቶቴክ ሙዚየም ውስጥ ስላለው ስለ ባርቤሪኒ ፋውን። ፋውን ያው የወይን አምላክ የዲዮኒሶስ ተከታይ ነው፣ ግማሽ ሰው ግማሽ እንስሳ፣ ይሄኛው ግን የፍየል እግር የለውም፣ ጆሮው ሾል ያለ ነው፣ ከኋላው ጭራ አለችው፣ በቃ ሌላው ሰው ነው። ጠጥቶ ሰክሮ ድንጋይ ላይ ራቁቱን ተዘርሯል፣ አንድ ክንዱ ከራሱ ኋላ፣ እግሩ ተከፍቶ፣ ከ2 ሜትር በላይ የሆነ እብነ በረድ።

እኔን የሚይዘኝ እንቅልፉ ነው። ራቁት የወንድ ሐውልትማ ግሪክና ሮም ሞልቷል፣ ግን አብዛኛው ወይ አትሌት ነው ወይ ጀግና ወይ አምላክ፣ የሚታይበት ምክንያት አለው። ይሄ ምንም አላሸነፈም፣ ምንም እየሰራም አይደለም፣ ውበቱን ብቻ ነው የምታየው፣ እሱ ደግሞ መታየቱን አያውቅም።

የተገኘው በ1620ዎቹ ሮም ካስቴል ሳንታንጄሎ የሚባለው ምሽግ ጋ ነው፣ ቦታው መጀመሪያ የንጉሠ ነገሥት ሃድሪያን መቃብር ነበር፣ ያ አንቲኖስ የሚባለውን ወጣት ያፈቀረው፣ ወጣቱ በ130 አባይ ወንዝ ውስጥ ሲሞትበት አምላክ ያደረገው ሃድሪያን። ሐውልቱ ሲገኝ የተጎዳ ነበር፣ ቀኝ እግሩን የሰሩት ኋላ የጠገኑት ሰዎች ናቸው፣ ስለዚህ ያ ሁሉ ሰው ስለ አተኛኘቱ ሲከራከር ስለነሱም ዓይን ጭምር ነው የሚከራከረው።

እና ቪንክልማን። የጀርመን የጫማ ሰሪ ልጅ፣ የጥበብ ታሪክ አባት የሚባለው፣ ወንዶችን ያፈቅር የነበረ ሰው። በ1764 ባሳተመው መጽሐፉ ስለዚህ ፋውን ሲጽፍ ፍጹም ውበት ሳይሆን ለራሷ የተተወች ተፈጥሮ ምስል ነው ይለዋል። እኔ ይሄን ሳነብ ልቤ ይነካል፣ ለራሱ መተው እኮ እሱ በኖረበት ዘመን ለሱ ዓይነት ሰው አልተፈቀደም፣ በአደባባይ ስለ ወንድ ውበት እንደዛ ማውራት የሚችለው በድንጋይ በኩል ነበር። በ1768 ትሪየስቴ ላይ አንድ ማረፊያ ቤት ውስጥ በቢላ ተወግቶ ሞተ።

ሐውልቱ ጌይ ነው እያልኩ አይደለም፣ የጥንቶቹ ሰዎች ራሳቸውን እንደዛ አይከፋፍሉም ነበር። ግን ስለሱ ሲወራ ባለቤቱ የነበረው ካርዲናል ባርቤሪኒ፣ የገዛው የባቫሪያ ልዑል ሉድቪግ ይጠራል፣ ፊቱ ቆመው ልባቸው የቀለጠ ወንዶች ግን ይዘለላሉ፣ እነሱም የሐውልቱ ታሪክ ናቸው፣ ይሄ መዘለላቸው በጣም ያናድደኛል። በሚቀጥለው ስለ አንቲኖስ ብቻ እናወራለን፣ ቻው።