ታብሌቱን ሰጥቶ መሄድ ይበቃል?

እስቲ አስቡት። ማንበብ ለማይችሉ ልጆች ታብሌቶች በካርቶን አሽጋችሁ፣ መንደራቸው መሃል አስቀምጣችሁ፣ አንዲት ቃል ሳትናገሩ ብትሄዱ ምን ይፈጠራል? ቀልድ አይደለም። እዚሁ አገራችን ተሞክሯል።

[ካርታ፦ ወንጪ እና ወለንጪቲ]

የሞከረው «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የሚባል የአሜሪካ ግብረ ሰናይ ድርጅት ነው፤ መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ። ቦታው ሁለት መንደር ነው፣ አንዱ ወንጪ (አዎ፣ ያ ሐይቁ ያለበት)፣ ሌላው ወለንጪቲ። በየመንደሩ 20 ያህል ልጆች ተመረጡ። አዋቂዎቹ የሶላር ቻርጀሩን አጠቃቀም ተማሩ፣ ለልጆቹ ግን ማንም ምንም አላሳያቸውም። በየሳምንቱ ቴክኒሻን እየመጣ ሚሞሪ ካርዱን ይቀይራል፤ ልጆቹ ምን ሲነካኩ እንደሰነበቱ የሚታወቀው በዚያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 ኔግሮፖንቴ ውጤቱን ሲያወራ ሰው ሁሉ ጉድ አለ። በ4 ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በ5 ቀን እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 አፕ ይጠቀም ነበር። በሁለት ሳምንት ኤቢሲዲ መዘመር ጀመሩ። በአምስት ወር ደግሞ ድርጅቱ የዘጋውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት!

በልጆቹ ጉብዝና ጥርጥር የለኝም። ግን 47 አፕ መክፈትና ማንበብ መቻል ለየቅል ናቸው፤ የእናቱን ስልክ የያዘ ሕፃን ሁሉ እንዲሁ ሲከፍትና ሲዘጋ ነው የሚውለው። ደግሞ ዘፈኑ እንግሊዝኛ ነው፣ አካባቢው አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ። ወሬው እንዲህ የተራባው ለምን ይመስላችኋል? «አስተማሪ አያስፈልግም» የሚል ስለመሰለ ነዋ! አስተማሪ ደሞዝ ይጠይቃል፣ ታብሌት አንዴ ተገዝቶ ያልቃል።

[በስክሪኑ፦ ፔሩ]

ይኸው ድርጅት ፔሩ ውስጥ በመንግሥት በኩል ብዙ መቶ ሺህ ላፕቶፕ ለተማሪዎች አዳርሷል። የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ተመራማሪዎች 319 የገጠር ትምህርት ቤቶችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2012 ውጤቱን አወጡ። ልጆቹ ኮምፒውተር መጠቀም ለምደዋል፣ በሒሳብና በቋንቋ ፈተና ግን ላፕቶፕ ካላገኙት ጋር ያው ናቸው። አብዛኛው ትምህርት ቤት ኢንተርኔት አልነበረውም፤ መምህራኑም ላፕቶፑን ለትምህርቱ እንዴት እንደሚያውሉት በቂ ሥልጠና አላገኙም።

አሁን ነገሩን በሌላ በኩል የያዙትን እንይ። «ለርኒንግ ኢኳሊቲ» የሚባለው ግብረ ሰናይ ድርጅት ኮሊብሪ የተባለ ነፃ ሶፍትዌር አለው። ትምህርቱን ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ላይ አንዴ ታወርዱታላችሁ፣ አንድ ኮምፒውተር ላይ ጭናችሁ ገጠር ትወስዱታላችሁ፤ ራውተር ካለ የክፍሉ ስልክና ታብሌት ሁሉ በዋይፋይ ከዚያው ይቀዳል። ዳታ የለ፣ ካርድ የለ። እኔን ያስደሰተኝ ግን መምህሩን አለመርሳቱ ነው። ማን የትኛው ጥያቄ ላይ እንደተሳሳተ በራሱ ስክሪን ያያል፣ ነገ ምን መድገም እንዳለበት ያውቃል። ኪዊክስም ተመሳሳይ ነው፤ ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል፣ አማርኛውንም ጨምሮ። አማርኛው ገና ስስ ነው እንጂ።

ውጭ ያላችሁ ወገኖቻችን፣ ተወልዳችሁ ላደጋችሁበት ትምህርት ቤት አሮጌ ላፕቶፕ ሰብስባችሁ ከመላካችሁ በፊት ለርዕሰ መምህሩ ደውሉ። መብራት በሳምንት ስንት ቀን አለ? ሲበላሽ ማን ይጠግናል? የትኛው መምህር ይይዘዋል? ለመጨረሻው መልስ ካጣችሁ ላፕቶፑ ይቆይ፣ በገንዘቡ መጀመሪያ አንድ መምህር አሠልጥኑበት።