ክዳኑን የከፈተ ቁጥሩን ሰርዟል
(ለጅማ ሰዓት ሠሪዎችና ሻጮች ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶቻችን፣ እናቶቻችን፣ ወንድሞችና እህቶች፤ አካም ቡልታን፣ እንደምን አደራችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «ከቅንጡ ሰዓቶች የስፖርቱ ይሻላል ወይስ የጠላቂው?» የሚል ነው። ጥያቄው ከየሱቃችን የመጣ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ደንበኛው ዘመድ ከውጭ የላከለትን ኦሜጋ ወይም ሮሌክስ ይዞ ይመጣና «ይሄ ነገር ውሃ ያስገባል?» ይላል። እኛ ሰዓቱን አገላብጠን 50 ሜትር፣ 100 ሜትር፣ 300 ሜትር ብለን እናነብለታለን። በቃ፣ ሥራው አለቀ! ማወዳደሩን እሠራለሁ፤ የመጣሁት ግን ስለዚህ ንባብ ልናገር ነው።

«ጅማ ባሕር የላት፣ ማን ይጠልቃል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ቦዬ ሐይቅ ውስጥ 300 ሜትር የሚወርድ የለም። ውሃ ግን እኛ ዘንድ ጥልቀት ባይኖረውም አያልቅም። ክረምታችን ረጅም ነው። ቡና እጥበት ላይ የሚውል ሰው እጁ አይደርቅም። ሰላት የሚሰግድ ሰው በቀን እስከ አምስት ጊዜ ውዱእ ያደርጋል፣ ውሃው እስከ ክርኑ ይደርሳል። ከዚያ ላብ አለ፣ ሳሙና አለ፣ ሙቅ ሻወር አለ። ሙቅ ውሃ ከቀዝቃዛው የከፋ ነው፤ ብረቱ፣ መስታወቱና ጎማው በሙቀት እኩል አይለጠጡም፣ እንፋሎቱም ጠብታ የማያልፍበት ቦታ ያልፋል።

አሁን ወደ ማወዳደሩ። ውሃ ወደ ሰዓት የሚገባባቸው ቦታዎች የታወቁ ስለሆኑ መቁጠር ብቻ ነው። መስታወቱ ከኬዙ (ከሰዓቱ አካል) የሚገናኝበት አንድ፣ የጀርባ ክዳኑ ሁለት፣ በጎኑ ያለው መሙያ ሦስት። እንደ ሮሌክስ ሰብማሪነር ያለ የጠላቂ ሰዓት እዚህ ላይ ያበቃል። ክሮኖግራፍ የሆነ፣ ማለትም ሩጫ የሚለካ፣ የስፖርት ሰዓት በጎኑ ሁለት የሚጫኑ ቁልፎች አሉት፣ ስለዚህ አምስት ይሆናል። ቁልፉ በተጫነ ቁጥር ዘንጉ በጎሚኒው፣ ውሃ በሚከለክለው የጎማ ቀለበት፣ ውስጥ ይመላለሳል፤ የሚታሽ ጎሚኒ ደግሞ ተጨምቆ ከሚቀመጠው ቀድሞ ያልቃል። የኦሜጋ ሲማስተር 300 ሜትሩ በ10 ቁጥር በኩል የሂሊየም ጋዝ ማስወጫ ስላለው አራት ነው። ማስወጫው የተሠራው ለቀናት በግፊት ክፍል ውስጥ ለሚኖሩ የጥልቅ ባሕር ሠራተኞች ነው፤ ሾልኮ የገባው ጋዝ ግፊቱ ሲቀንስ መስታወቱን ከውስጥ ገፍቶ እንዳያወልቀው። ጅማ ላይ የሚፈልገው የለም። ጎሚኒ ግን አለው፣ ማንም ስለማይነካውም በእድሳት ጊዜ ይረሳል።

ስፖርቱም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። ዴይቶና ክሮኖግራፍ ቢሆንም መሙያውም ሁለቱ ቁልፎችም ተጠምዝዘው ይጠብቃሉ፣ 100 ሜትር የተባለውም ለዚህ ነው። ኦሜጋ ስፒድማስተር መሙያው ዝም ብሎ ተገፍቶ የሚገባ፣ ቁልፎቹም የማይጠመዘዙ ናቸው፤ 50 ሜትር። በ1972 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የወጣው የኦድማር ፒጌ ሮያል ኦክም 50 ሜትር ነው። ስምንት ብሎን ፊቱ ላይ ስለተደረደረ ታንክ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው።

ስፒድማስተርን ካነሳሁ አይቀር፣ ይህን ሰዓት የሚሸጥ ሁሉ «ጨረቃ ላይ የወጣ ነው» ብሎ ይጀምራል። ልክ ነው። ናሳ በ1964 እና በ1965 የሦስት ፋብሪካ ክሮኖግራፎችን ወስዶ ፈትኗል። 71 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ለ48 ሰዓት፣ ከዚያ 93 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ አቆይቷቸዋል። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ አስቀምጧቸዋል፣ 95 በመቶ እርጥበት ውስጥ ለ240 ሰዓት ከቷቸዋል፣ 40 ጂ (የመሬት ስበት 40 እጥፍ) በሚደርስ ምት መትቷቸዋል። የሎንጂን ዊትናወሩ መስታወት በሙቀቱ ተጣሞ ወለቀ። ሮሌክሱ በእርጥበት ፈተናው ሁለት ጊዜ ቆመ። ስፒድማስተር ተረፈና ማርች 1 ቀን 1965 ብቁ ተባለ። በ1969 አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ሲያርፍ የመንኮራኩሯ ኤሌክትሮኒክ ሰዓት ስለተበላሸ አርምስትሮንግ የራሱን በምትኩ እዚያው ትቶት ወረደ፤ ጨረቃን የረገጠው ሰዓት የኦልድሪን ነበር። እስከዚህ ሻጩ የሚያወራው ነው። የማያወራው የግፊቱን ፈተና ነው። ግፊቱ 1.6 አትሞስፌር ነበር፣ ለአንድ ሰዓት። አንዱ አትሞስፌር አየሩ ራሱ ነው፤ የሚተርፈው 0.6 ብቻ፣ ወደ ውሃ ሲመነዘር 6 ሜትር ገደማ። ሰዓቱ የተመረጠው ለሕዋ ነው፤ ሕዋ ላይ ደግሞ ውሃ የለም። ጎሚኒው ያረጀ ስፒድማስተር ጨረቃን አሸንፎ መጥቶ አዌቱ ወንዝ ላይ ይሸነፋል!

የጠላቂ ሰዓት ሌላ ሕግ አለው። ብላንፓን ፊፍቲ ፋዘምስንና ሰብማሪነርን በ1953 ካየን ጀምሮ መልኩ ብዙም አልተለወጠም፤ ውሃ እንዳያስገባ የተጠበቀ መሙያ፣ በጨለማ የሚያበሩ ቆጣሪዎች (የሰዓትና የደቂቃ ጠቋሚዎች)፣ የሚዞር የፊት ቀለበት። ዓለም አቀፍ መመዘኛው አይኤስኦ 6425 ይባላል። ቢያንስ 100 ሜትር፣ በጨለማ ከ25 ሳንቲ ሜትር ርቀት የሚነበብ፣ ሰዓቱ እየሠራ መሆኑም በጨለማ የሚታወቅ እንዲሆን ይጠይቃል። ትልቁ ልዩነት ግን እዚህ ነው፦ ለተራው ውሃ ተከላካይ ሰዓት የወጣው አይኤስኦ 22810 ናሙና ወስዶ መፈተንን ይፈቅዳል፤ 6425 እያንዳንዱ ሰዓት ከተጻፈለት በ25 በመቶ በላቀ ግፊት እንዲፈተን ያዛል። 300 ሜትር የተባለው 375 ሜትርን ችሎ ነው የወጣው።

ከሁላችን እጅ የማይጠፋውን ሲኮ ልጥቀስ። የቀድሞው ኤስኬኤክስ 007 የጠላቂ ነበር፤ 200 ሜትር፣ የሚጠመዘዝ መሙያ። በ2019 በዚያው መልክ የወጣው ሲኮ 5 ስፖርትስ 100 ሜትር ነው፣ መሙያውም አይጠመዘዝም። ማሽኑ ይሻላል፣ በእጅ ይሞላል፣ ሰዓቱ ሲስተካከል ሰከንዱም ይቆማል። ግን የጠላቂ አይደለም። መልኩን አይቶ «ያው ነው» ብሎ የሚሸጥ ሰው ደንበኛውን እየሸነገለ ነው።

እዚህ ድረስ የተናገርኩት ሁሉ ሰዓቱ ከፋብሪካ ስለወጣበት ቀን ነው። ጎሚኒ ጎማ ነው። ይጨመቃል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። የ15 ዓመት ሰብማሪነር ፊት አይቶ 300 ሜትር ብሎ ማንበብ የሽማግሌን የልደት ካርድ አይቶ ጤንነቱን እንደመናገር ነው። አንዴ ክዳኑ ከተከፈተማ ያ ቁጥር የለም። ክዳኑን የከፈተ ቁጥሩን ሰርዟል! ከዚያ በኋላ የፋብሪካው ፊርማ አይሠራም፣ የሚሠራው የእኛ ነው። እኛ ደግሞ ምን እያደረግን ነው? የተደፈጠጠውን አሮጌ ጎሚኒ መልሰን እንከታለን። ሲሊኮን ግሪስ በማጣት ቫዝሊን እንቀባለን፣ ቫዝሊን ደግሞ አንዳንዱን ጎማ አሳብጦ ከመቀመጫው ያስወጣዋል። የላላ መስታወት በሱፐር ግሉ እንለጥፋለን፤ ጭሱ ውስጥ ገብቶ ፊቱንና ቆጣሪዎቹን ነጭ ጉም ያለብሳቸዋል። በዝናብ ቀን በር ላይ ቁጭ ብለን ክዳን እንዘጋለን፤ የዘጋነው ሰዓቱን ከነእርጥበቱ ነው። ከዚያም ቀና ብለን «አይዞህ፣ ውሃ አያስገባም» እንላለን። በምን አወቅን? ማን ፈተነው? ጎሚኒው ከመሙያው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም፤ ዝገት የበላው የክሮኖ ማሽን ግን እዚህ አገር መለዋወጫ የለውም። ይህ የድህነት ጉዳይ አይደለም፣ የግዴለሽነት ነው!

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ክዳን በተከፈተ ቁጥር የክዳኑ ጎሚኒ ይቀየራል። ውፍረቱ በካሊፐር ይለካ፤ በዓይን ተገምቶ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር የወፈረ ጎሚኒ ክዳኑ ሲጠብቅ ተጠማዝዞ ይቆረጣል። ጎድጓዳው በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ይጠረግ፣ ብረት አይግባበት። ግሪሱ ጎሚኒውን የሚያበራ ያህል ብቻ፤ ከበዛ አቧራ ይሰበስባል። መሙያው ውስጥ ያለውን ጎሚኒ አትርሱ፣ የክሮኖ ከሆነም የሁለቱን ቁልፎች። ከመዝጋታችሁ በፊት ሰዓቱ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ካለበት ዝግ ዕቃ ውስጥ ይደር።

ከዚያ ፈተና። መጀመሪያ ማሽኑ ወጥቶ ባዶ ኬዙ ይፈተናል። በእጅ የሚነፋው ግልጽ ሲሊንደር እስከ 6 ባር ግፊት ይወስዳል። ግማሹን ውሃ ሙሉት፣ ሰዓቱን ከውሃው በላይ አየሩ ላይ አንጠልጥሉት። ንፉ፤ ለ50 ሜትሩ 3 ባር፣ ለጠላቂው 6። ሦስት ደቂቃ ጠብቁ። አየር የሚገባበት ካለ በዚህ ጊዜ ይገባል። ከዚያ ሰዓቱን ውሃ ውስጥ አውርዱትና ግፊቱን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። አረፋ ተከታትሎ ከአንድ ቦታ ከወጣ ቀዳዳው እዚያ ነው፤ ወዲያው ሰዓቱን ከውሃው አንሱት፣ ግፊቱ እኩል ሲሆን ውሃ ይገባልና። በማሰሪያው መገጣጠሚያና በቀለበቱ ሥር ተይዞ የቆየ አየር አንድ ሁለት አረፋ ይሰጣል፤ እሱ አያስደንግጣችሁ። ልብ በሉ፣ 6 ባር 60 ሜትር ነው። የፈተናችሁት 60 ሜትር ከሆነ ለደንበኛው 300 አትበሉት።

መሣሪያው የሌለው ሰው እርጥበት ውስጥ መኖሩን ብቻ ሊያውቅ ይችላል። ሰዓቱን ከ40 እስከ 45 ዲግሪ አሙቁት፣ መስታወቱ ላይ አንድ ጠብታ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ጣሉ፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ጥረጉት። ከመስታወቱ በታች ጉም ከታየ ውስጡ እርጥብ ነው። ጉም ካልታየ ግን ጎሚኒው ደህና ነው ማለት አይደለም።

ቀን ስለሚያሳዩት ሰዓቶች አንድ ነገር፣ ይህን ፋብሪካው አይጽፍልንም። ቀን በፍጥነት መቀየሪያውን የሰዓት ቆጣሪው በ9 እና በ3 መካከል ባለው የላይኛው ግማሽ ላይ ሳለ በብዙ ማሽን ላይ መንካት ጥርስ ይሰብራል። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር የሞላ ሰው ቀኑ የሚለወጠው ንጋት 12 ወይም ምሽት 12 ላይ ነው፤ ስለዚህ አደጋው ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 3፣ ወይም ከቀኑ 9 እስከ ምሽቱ 3 ይሆናል። ቆጣሪውን ወደ 6 አውርዱና ቀይሩ። ቀኑንም በእኛ የሚቆጥር ሰው ከጳጉሜን ጋር በዓመት 13 ጊዜ ማስተካከል አለበት፤ በፈረንጁ 5 ጊዜ ነው።

የቀረውን በአጭሩ። የጠላቂው ቀለበት ወደ ግራ ብቻ የሚዞረው ቢነካ እንኳ ያለፈውን ጊዜ አብዝቶ እንዲያሳይ ነው፣ ጠላቂው ቀድሞ ይወጣል እንጂ አይዘገይም። የስፖርቱ ቀለበት ፍጥነት ይለካል፤ አንድ ኪሎ ሜትር በ30 ሰከንድ ከሄዳችሁ 120 ያሳያል። በሰዓት ከ60 በታች ከሆነ አይሠራም፣ እንግዲህ መንገዳችንን ታውቁታላችሁ። ክሮኖው እየሮጠ ሳለ፣ ለዚያ የተሠራ ካልሆነ በቀር፣ መመለሻውን አትጫኑ። ውሃ ውስጥ ደግሞ ሁለቱንም አትንኩ።

ስለዚህ ምርጫው ምንድን ነው? እጁ ከውሃ የማይለይ ሰው የጠላቂውን ይግዛ። የስፖርቱን የወደደ ይግዛው፣ ያምራል፣ ግን ክሮኖ ከሆነ ሻጩ አምስት ቀዳዳ እንዳለው ይንገረው።

የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንድ መፈተኛ በጋራ እንግዛ፣ በየሱቁ ይዙር። ከዛሬ ጀምሮ ደረሰኛችን ላይ «ውሃ አያስገባም» የሚለው ይሰረዝና ሦስት ነገር ይጻፍ፦ የተቀየሩት ጎሚኒዎች፣ የተፈተነበት ባር፣ የተፈተነበት ቀን። ካልተፈተነ «አልተፈተነም» ይባል።

ከቡና በኋላ አንድ መፈተኛ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል። ሰዓታችሁን ማስሞከር የምትፈልጉ መሙያውን አጥብቃችሁ አምጡ፤ የቆዳ ማሰሪያ ያላችሁ ማሰሪያውን ፍቱት። አመሰግናለሁ፣ ገለቶማ።