አፍ የተፈታበት ቃል

እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ክፍል ጀምሬ የተውኩት የጋፑን ነገር አሁንም ከውስጤ አልወጣም። ጋፑን በፓፑዋ ኒው ጊኒ፣ በታችኛው የሴፒክ ወንዝ አካባቢ፣ በረግረጋማ ደን መካከል የነበረች ትንሽ መንደር ናት። የነዋሪዎቿ ቋንቋ ታያፕ ከሌላ ከየትኛውም ቋንቋ ጋር ዝምድና አልተገኘለትም። አንትሮፖሎጂስቱ ዶን ኩሊክ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ እዚያ ሲደርስ ተናጋሪዎቹ ወደ 90 ይጠጉ ነበር፤ ከ30 ዓመታት በኋላ ግን ከ50 በታች ሆነዋል።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ቁጥሩ አይደለም፤ አንዲት ቃል ናት። የጋፑን ወላጆች ሕፃን ሁሉ አፉን የሚፈታው «ኦኪ» ብሎ ነው ይላሉ፤ በታያፕ «ከዚህ ልሂድ» እንደማለት ነው። እናቲቱ በረጅም እንጨቶች ላይ በተሠራው ቤቷ ወለል ላይ ተቀምጣ፣ ሕፃኑ ጭኗ ላይ ሆኖ አንድ ድምፅ ሲያወጣ ይታየኛል። «ኦኪ አለ» ትላለች፤ ከዚያም ዞር ብላ የምትመልስለት በቶክ ፒሲን፣ ማለትም በአገሪቱ የጋራ መግባቢያ ቋንቋ ነው። እኛ «የአፍ መፍቻ ቋንቋ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ያኔ ግራ ገባኝ፤ ያ ልጅ አፉን የፈታው በታያፕ ነው ተብሎ፣ የሚያድገው ግን በቶክ ፒሲን ነውና።

ወላጆቹ ታያፕ እንዲጠፋ አይፈልጉም። ልጆቹ ራሳቸው እምቢ እንዳሉ በሙሉ ልባቸው ያምናሉ። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ተናደድኩባቸው፤ የኔዋ ትንሿ «እማ» ያለች ዕለት እንዴት እንዳለቀስኩ ሳስታውስ ግን ንዴቴ በረደ፤ ምናልባት እኔም የሰማሁት መስማት የፈለግኩትን ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የወጣቶቹ ነገር ነው። ኩሊክ ለብቻቸው ተረት እንዲነግሩት ሲጠይቃቸው ብዙዎቹ በታያፕ መናገር ችለዋል፤ በመንደሩ ግን ትልልቆቹ ስሕተታቸውን እየነቀሱ ስለሚያሳፍሯቸው ዝም ይሉ ነበር። እንግዲህ ቋንቋው አለ፣ ግን አይሰማም፤ ይህ ተስፋ ይሁን ሐዘን እስካሁን መወሰን አልቻልኩም።

ትናንት ማታ ልጄ እንቅልፍ ሊወስዳት ሲል አንድ ድምፅ አወጣች። ባለቤቴ «ምን አለች?» ብሎ ሲጠይቀኝ ወዲያው ልመልስለት አፌን ከፈትኩና…